ኒውተንን ከጣና ዳር መጀመር

የኒውተንን ሕጎች ለተማሪ ሳስረዳ የሚያስቸግረኝ የመጀመሪያው ነው። «ምንም ካልነካው በያዘው ፍጥነት ቀጥ ብሎ ይሄዳል» ሲባሉ ልጆች ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ፤ ከልባቸው ግን አያምኑም። እንዴት ይመኑ? ጋሪ መግፋት ሲተዉት ይቆማል። ሳይክልም ፔዳሉን መምታት ሲያቆሙ ትንሽ ሄዶ ይቆማል። ባሕር ዳር ያደገ ልጅ ደግሞ ሳይክልን በደንብ ያውቃል። አርስቶትልም ከ2,000 ዓመት በፊት ያሰበው እንደነሱ ነበር፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የሚገፋው ይፈልጋል ብሎ። ጋሊልዮ እስኪሞግተው፣ ኒውተንም በ1687 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሕጎቹን አሳትሞ እስኪያወጣ ድረስ ብዙ ሊቃውንት በዚሁ ሐሳብ ኖረዋል።

ሕጉን የሚሸፍንብን ሰበቃ ነው፤ ሁለት ነገሮች ሲነካኩ መንሸራተታቸውን የሚይዘው ጉልበት ማለት ነው። የትም አለ፣ ግን አይታይም። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ የማስጠናቸውን የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ይዤ መጀመሪያ ሰበቃን በየብስ ለካን፤ ቀጥለን እሱ ወደሚደክምበት ወደ ሐይቁ ወረድን።

ለየብሱ ሥራ ጣውላ፣ ጡብና ሜትር ይበቃል። 1 ሜትር ርዝመት ያለው የተላገ ጣውላ አናጺ ቤት አስቆረጥኩ። ጡቡን አንደኛው ጫፍ ላይ አስቀምጣችሁ ያንን ጫፍ ቀስ እያላችሁ ታነሳላችሁ። ጡቡ ፍንክች አይልም። ትንሽ ከፍ፣ አሁንም ፍንክች የለም። ከዚያ ድንገት ሸርተት ይላል። እዚያው ላይ ጣውላውን ይዛችሁ ትለካላችሁ። የእኛ ከፍታው 50 ሳንቲ ሜትር፣ አግድሙ ደግሞ 87 ሆነ። 50 ሲካፈል ለ87፣ 0.57 ገደማ። በጡቡና በጣውላው መካከል ያለው የሰበቃ መጠን ይኸው ነው። ሚዛን እንኳ አላስፈለገም።

ከዚህ በኋላ ጡቡን በጠባብ ጎኑ አስተኙት። ርዝመቱ ወደ ታች እንዲሆን አድርጉ፤ አለበለዚያ ሳይንሸራተት ይገለበጣል። ልጆቹ «የሚነካካው ቦታ ስላነሰ ቶሎ ይንሸራተታል» ብለው ተወራረዱ። እሱ ግን እዚያው አካባቢ ነው የተንሸራተተው። ሁለት ጡብ ስንደራርብም እንደዚያው። ክብደቱ ሲጨምር ቁልቁል የሚስበው ጉልበት ይጨምራል፤ ጣውላውን የሚጫንበት ጉልበትም በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ሁለቱ ይቻቻላሉ። ይህንን ፈረንሳዊው አሞንቶን በ1699 ጽፎታል። እኔ ግን ልጆቹ ስሙን ከመስማታቸው በፊት ውርርዱን ቢሸነፉ ይሻላል ባይ ነኝ።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ጡቡ አንዴ ከተነሳ እየፈጠነ ነው የሚወርደው። የሚንሸራተት ነገር ሰበቃው ከቆመው ያንሳል ማለት ነው። በክረምት እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ረግጦ ጎማ መቆለፍ አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ወደ ሐይቁ የሄድነው በጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ ነው። ሰው ወደ ገዳማቱ የሚያመላልስ አንድ የብረት ጀልባ ታስሮ ቆሟል። ባለቤቱን አስፈቀድኩ፤ «መምህር፣ እጃቸውን በመሃል እንዳያስገቡ ብቻ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ጀልባና ግንብ መሃል የገባ ጣት አይተርፍም። ገመዱን ከሁሉም ለቀጠነችው ልጅ ሰጠኋት። በጣም ሳበችው።

«ቲቸር፣ ንቅንቅ አይልም!»

«አትንጪው። ዝም ብለሽ ሳቢ።»

መጀመሪያ ምንም አልታየም። ቆይቶ በጀልባውና በግንቡ መሃል ያለው ውሃ መጥበብ ጀመረ። «አሁን ልቀቂው» አልኳት። ለቀቀችው። ጀልባው መምጣቱን ቀጠለ! ማንም ሳይስበው፣ ማንም ሳይገፋው፣ ረጋ ብሎ መጣ፤ ባለቤቱ በእግራቸው ገፍተው አቆሙት። ልጆቹ በጩኸት አካባቢውን አደባለቁት። የመጀመሪያው ሕግ ያን ጊዜ ገባቸው። እኔም ከዚያ ወዲህ ይህን ትምህርት ከጀልባው ቀድሜ በቃል አላስረዳም።

የጡቡና የጀልባው ልዩነት ትልቅ ነው። ጡቡ የተወሰነ ጉልበት እስኪያገኝ ድረስ ጭራሽ አይነቃነቅም። ውሃ ግን እንደዚያ አይዝም፤ ትንሽ ጉልበትም ትልቁን ጀልባ ያስነሳል፣ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ። በዚያው ጉልበት የደንገል ታንኳ ቢሳብ ወዲያው ይፈተለካል፤ ብረቱ ቀስ ይላል። ይህ ሁለተኛው ሕግ ነው፤ ጉልበቱ እኩል ከሆነ ከባዱ ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚፈጥነው። ውሃ የሚታገለው ፍጥነት ሲጨምር ነው፤ ስለዚህ ሞተሩን እጥፍ ማድረግ ፍጥነቱን እጥፍ አያደርገውም።

ለሦስተኛው ሕግ አንዱን ልጅ ላይፍ ጃኬት አልብሰን፣ ከባለታንኳው ጋር ታንኳ ላይ አስቀመጥነው። ከጀልባው የተያያዘውን ገመድ ሳበ። ወደ ጀልባው የሄደው እሱ ራሱ ነው፣ ከነታንኳው! እዚህ ላይ ጠየቅኳቸው፦ ልጅቷም ይህንኑ ጀልባ ስባ ነበር፤ ታዲያ እሷ ለምን ወደ ጀልባው አልሄደችም? ትንሽ ተከራከሩ። ከዚያ አንዱ «እግሯን መሬቱ ይዞላታል!» አለ። ሦስተኛው ሕግ የሚለው፣ የሳባችሁት ነገር እናንተንም በእኩል ጉልበት በተቃራኒው ይስባችኋል ነው። ጀልባው እሷንም እኩል ስቧታል፤ ግን ጫማዋ ሥር ሰበቃ አለ። እስካሁን ስንከሰው የነበረው ሰበቃ እዚህ ጋ ደጋፊ ሆኖ ተገኘ። «እኩልና ተቃራኒ ከሆኑ ለምን አይጣፉም?» የሚለው የዘወትር ጥያቄም አብሮ ተመለሰ። አንዱ ጉልበት ያረፈው ጀልባው ላይ፣ ሌላው ልጅቷ ላይ ነው። ሁለት የተለያዩ አካላት ላይ ያረፉ ጉልበቶች አይጣፉም።

አሁን የቀረን ጀልባውን መመዘን ነው። ዓሣ የሚመዘንበትን ተንጠልጣይ ሚዛን ገመዱ ላይ እናስራለን። ሚዛኑ 10 ኪሎ ላይ እንዲቆይ አድርጎ መሳብ ማለት ወደ 100 ኒውተን ነው (ኒውተን እዚህ የጉልበት መለኪያ ነው)። ጀልባው ከቆመበት ተነስቶ በ10 ሰኮንድ 2 ሜትር ከተጠጋ፣ ፍጥነቱ በየሰኮንዱ በ0.04 ሜትር በሰኮንድ ጨምሯል ማለት ነው፤ 100 ሲካፈል ለ0.04፣ 2,500 ኪሎ ይሰጣል። አብሮት የሚንቀሳቀስ ውሃ ስላለ ትክክለኛው ከዚያ ትንሽ ያንሳል።