ድግምት ስትደግም ክፍል የደገመችው ልጅ

አስማት ስለምትማር ልጅ የተጻፈ አስቂኝ ልቦለድ ደብረ ማርቆስ ላይ ለልጆች ያነበብኩት ከእንግሊዝኛው በቃሌ እየመለስኩ ነበር። መጀመሪያ ያስቸገረኝ የሙያው ስም ነው። «ጠንቋይ» አልኩ፤ አልሆነም። ጠንቋይ እኛ ዘንድ ገብስማ ዶሮ አምጡ የሚል ሰው ነው፤ ልጅ ይፈራዋል እንጂ አይስቅበትም። «ደብተራ» ብል ደግሞ ዜማና ቅኔ የተማረውን የቤተ ክርስቲያን ሰው ማማት ይሆናል። «አስማተኛ» ላይ ረጋሁ። መምህሩን ግን ልጅቷ «የኔታ» እያለች እንድትጠራው አደረግሁ፤ ትምህርት ቤቱ ምን እንደሚመስል ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም።

ለድግምቱ ከእውነተኛ የአስማት ጸሎት ምንም አልወሰድኩም። «አስማት» በግእዝ «ስሞች» ማለት ነው፤ በጸሎቱ የሚጠሩትን ስሞች ለቀልድ ማንሳት አዋቂን ያስቀይማል። የወጥ ቤት ቃል ገለበጥኩ። ጎመን «ንመጎ» ሆነ። ሽንብራ «ራብንሽ» ሲሆን ራብ ራሱ ብቅ አለ፤ ምግብ ለማብዛት የተደገመ ድግምት ለሚከሽፍበት ቦታ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ዳቦ ላይ ተሰናከልኩ፤ «ቦዳ» ስል «ቡዳ» ብለው ሰሙ፣ ቤቱ ጭጭ አለ። ከዚያ ወዲህ የገለበጥኩትን ቃል ሁሉ አስቀድሜ ለብቻዬ ጮክ ብዬ እለዋለሁ፤ ዓይን ያለፈውን ጆሮ ይይዘዋል።

የቃላት ጨዋታ ቃል በቃል ሲመለስ ይሞታል። የእንግሊዝኛውን ትቼ በዚያው ቦታ የአማርኛ ኅብረ ቃል ፈለግሁ፤ «ደገመ» እጄ ላይ ነበር። ዳዊት ይደገማል፣ ድግምት ይደገማል፣ ፈተና የወደቀም ክፍል ይደግማል። «ምን ስትሠሪ ከረምሽ?» «ስደግም።» ከቅኔ ዓይነቶች አጭሩ፣ ጉባኤ ቃና፣ ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ቀልዱም ከዚያ ሲረዝም ይቀዘቅዛል። ማብራሪያ የሚጠይቀውን ቆረጥኩት።

መጥረጊያ ላይ የሚበረውን ግን አልነካሁም። በእኛ ተረት ቡዳ ጅብ ይጋልባል ብዬ ልለውጠው ዳድቶኝ ነበር፤ ጅቡ ቢገባ ልቦለዱ ሌላ ይሆናል።

«ይህ ትምህርት ለሴት አይሆንም» የሚባለው ቦታ ትርጉም አልፈለገም። ቅኔ ቤት የወንድ ነው በተባለበት አገር ከአባታቸው ተምረው ቅኔ ያስተማሩት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የጎጃም ሰው ነበሩ።

ትልቁ ጣጣ ግሱ ነው። እንግሊዝኛው የአዲሱን ተማሪ ጾታ እስከ ገጹ መጨረሻ ይደብቃል፤ አማርኛ ግን «መጣ» ወይም «መጣች» ካላለ አይሄድም። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቴም ሚስጥሩን አወጣሁት። መውጫው አንቱታ ሆነ። በረኛው «አዲስ ተማሪ መጥተዋል፣ ይግቡ ልበላቸው?» አለ። ልጆቹ ጢማም መሪጌታ ሲጠብቁ የ9 ዓመት ልጅ ጫማዋን በእጇ ይዛ ገባች።