የጂዚፕ የመጨረሻዎቹ 8 ባይቶች

ዛሬ ከሰዓታችንን የበላው አንድ አልከፈት ያለ ፋይል ነው። በዶትኔት (የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ) የጻፍነው ሰርቨር ሪፖርቱን በጂዚፕ (የፋይል መጭመቂያ ዘዴ) ጨምቆ ይልካል፤ ተቀባዩ ጋ ሲደርስ ግን ፋይሉ ሳያልቅ ተቋርጧል የሚል ኤረር ይመጣል። ኮዱን ስታዩት እንከን አይወጣለትም። አሲንክ ነው (ሲጠብቅ ሌላ ሥራ አያግድም)፣ አዌይት (የአሲንኩ ሥራ እስኪያልቅ ጠብቅ የሚለው ቃል) አለው፣ ፍላሽም ተደርጓል (የተጠራቀመው ዳታ እንዲወጣ ታዟል)።

ጉዱ ያለው ጭራው ላይ ነው። ጂዚፕ መጨረሻው ላይ 8 ባይት ይጨምራል። 4ቱ ዳታው እንዳልተበላሸ የሚጣራበት የሲአርሲ-32 ማረጋገጫ ቁጥር ነው፣ 4ቱ ደግሞ ሳይጨመቅ በፊት የነበረው የዳታ መጠን። እነዚህ የሚጻፉት ስትሪሙ (ዳታው የሚፈስበት መስመር) ሲዘጋ ነው። ፍላሽ ብታደርጉትም መጭመቂያው ገና የሚመጣ ዳታ አለ ብሎ ይጠብቃል። ኮዱ ደግሞ ሳይዘጋው ባይቶቹን ከሜሞሪ አንስቶ ይልካል። ጭራ የሌለው ፋይል!

በቀጥታ ወደ ሪስፖንሱ (ሰርቨሩ ለተቀባዩ ወደሚልከው መልስ) እንጻፈው ስንል ሌላ ጣጣ መጣ። በዶትኔት በተለመደው ዩዚንግ (ሥራው ሲያልቅ ስትሪሙን በራሱ የሚዘጋው ትእዛዝ) ከተዘጋ የቀረው ዳታ የሚጻፈው በሲንክ ነው፤ ማለትም ጽፎ እስኪጨርስ ትሬዱን (ሥራውን የሚያስኬደውን የፕሮግራሙን ክር) ያስረዋል። ኬስትረል (የዶትኔት ዌብ ሰርቨር) ደግሞ ከኤኤስፒ ዶትኔት ኮር 3.0 (እ.ኤ.አ. 2019) ወዲህ ካልፈቀዳችሁለት በስተቀር ይህን አይቀበልም። ከዩዚንግ ፊት አዌይት ጨመርንበት፣ አለቀ። አሁን መዝጊያውም አሲንክ ነው።

በነገራችን ላይ፣ አሲንክ ሲሆን ጭመቃው ይፈጥናል የሚሉ አሉ። ኧረ አይፈጥንም! መጭመቅ የሲፒዩ ሥራ ነው። አሲንክ የሚያድነን ኔትወርክና ዲስክ ስንጠብቅ ትሬዱ ታስሮ እንዳይቀመጥ ነው። ሲፒዩው ከተጨናነቀ የጭመቃ ደረጃውን ዝቅ አድርጉት፤ ለጽሑፍ ሪፖርት ፈጣኑ ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።