አሳ፣ ተልባና የልጄ ጣቶች

የሦስት ዓመቷ ልጄ ዛሬ ጠዋት የሹራቧን ቁልፍ፣ ምላሷን ነክሳ፣ በሁለት ጣቶቿ እያዞረች ከቀዳዳው ስታሳልፈው ቆሜ አየኋት። በእርግዝናዬ ወራት ስለ አመጋገቤ የነበረብኝ ጭንቀትም አብሮ ትዝ አለኝ።

ዲኤችኤ የተባለው የኦሜጋ 3 ስብ በፅንሱ አንጎል ውስጥ በብዛት የሚከማቸው በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ሲሆን፣ ፅንሱ የሚያገኘውም በእንግዴ ልጁ በኩል ከእናቱ ደም ነው። በእንግሊዝ ብሪስቶል አካባቢ 11,875 ነፍሰ ጡሮችን ይዞ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ በሳምንት ከ340 ግራም ያነሰ የባሕር ምግብ የበሉ እናቶች ልጆች በረቂቅ የጣት እንቅስቃሴ ዝቅ ያለ ውጤት የማግኘት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ነገር ግን አሳ የምታዘወትር እናት በገቢም በትምህርትም ልትለይ ስለምትችል፣ እኔ ይበልጥ የማምነው ማን ምን እንደሚወስድ በዕጣ የተመደበበትን ሙከራ ነው። በአውስትራሊያ ወደ 2,400 የሚጠጉ ሴቶች በተሳተፉበት ሙከራ፣ በቀን 800 ሚሊግራም ዲኤችኤ የወሰዱት እናቶች ልጆች በ18 ወራቸው በእንቅስቃሴ ችሎታ ካልወሰዱት እናቶች ልጆች አልተለዩም፤ ከ34ኛው የእርግዝና ሳምንት በፊት የሚወለዱት ግን ቀንሰዋል፤ ይህም ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

እናቴ በጾም ተልባ ቆልታና ወቅጣ፣ በውኃ በጥብጣ ታቀርብልኝ ነበር። ተልባ በኦሜጋ 3 የበለጸገ ቢሆንም፣ ሰውነታችን ወደ ዲኤችኤ የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ስለሆነ አሳን አይተካም። አሁን ነፍሰ ጡር ለሆነችው እኅቴ፣ ከተልባው ጋር ፅንስን ሊጎዳ የሚችለው ሜርኩሪ የተባለው ብረት አነስተኛ የሆነበትን ሰርዲን ገዝቼ እወስድላታለሁ።