የመስታወት ማንሻውን ቀየርኩ፣ የገደለው ግን አቧራው ነበር

ሐምሌ ላይ ነው። ከአዳማ ስመለስ ቱሉ ዲምቱ የፈጣን መንገዱ መክፈያ ጋ የኮሮላዬን የሾፌር በር መስታወት አወረድኩ። ከፍዬ ወደ ላይ ስጫነው በሩ ውስጥ የሆነ ነገር «ቋ!» አለ። መስታወቱ እዚያው ቀረ። ሞተሩ ይጮሃል፣ መስታወቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ዝናቡ ደግሞ መጣሁ መጣሁ እያለ ነበር። ቤቴ እዚያው ኮንዶሚኒየሙ አካባቢ ስለሆነ ወንበሩ ሳይበሰብስ ደረስኩ።

ማታውን መስታወቱን እንደምንም መዝጋት ነበረብኝ። ባለቤቴ ስዊቹን ወደ ላይ ተጭና ይዛ፣ እኔ መስታወቱን በሁለት መዳፌ ከውስጥና ከውጭ ጨምቄ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ ገፋሁት። ወጣልኝ። ከዚያ ሰፊ ፕላስተር ከውስጥ ወደ ውጭ በበሩ ፍሬም ላይ አሻግሬ ለጠፍኩበት። መጀመሪያ መስታወቱን በደረቅ ጨርቅ መወልወል ግድ ነው፣ እርጥብ ላይ ፕላስተር አይዝም።

በማግስቱ ሰፈር ያለ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ልጁ በሩን እንኳ ሳይከፍት «ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ሙሉውን መቀየር ነው» አለኝ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። የተቃጠለ ሞተር እንዴት ይጮሃል? ጎረቤታችን ጋሼ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሹፌርነት ያሳለፉ ሰው ናቸው። ስነግራቸው «ልጄ፣ ከመግዛትህ በፊት አዳምጠው» አሉኝ። ሞተሩ እየዞረ መስታወቱ ካልተነሳ ችግሩ ማንሻው ላይ ነው፣ ማለትም በሩ ውስጥ መስታወቱን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ብረት ላይ። ስትጫነው ጭራሽ ዝም ካለ ግን ፊውዙን፣ ስዊቹን፣ ገመዱን፣ መጨረሻ ላይ ሞተሩን ታያለህ። ዝም ብሎም የመኪናው የውስጥ መብራት ስትጫነው ደብዘዝ ካለ፣ ኤሌክትሪኩ ሞተሩ ጋ እየደረሰ ነው፣ የሆነ ነገር ግን አላንቀሳቅስ ብሎታል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ሳንቲም አላወጣሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ጀመርኩ። ባትሪውን ኔጌቲቩን በ10 ቁልፍ ፈታሁ። በሩን ከውስጥ ሲከፍቱ የሚሳበው እጀታ ኋላ ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን አለች፣ ሥሯ አንድ ብሎን ተደብቋል። በሩ የሚዘጋበት መያዣ ውስጥም ሌላ አለ። እነዚህን ሳይፈቱ የበሩን ሽፋን የሚጎትት ሰው ይሰብረዋል። የቀረው በፕላስቲክ ክሊፖች የተያዘ ነው። ከታች ጀምሬ ጠፍጣፋ ካቻቪቴ በጨርቅ ጠቅልዬ እያስገባሁ አላቀቅኩት። ሁለት ክሊፕ ሰበርኩ፣ ምክንያቱም ክሊፑ ካለበት ቦታ ርቄ ነበር የምስበው። ካቻቪቴው ክሊፑ አጠገብ ድረስ መግባት አለበት።

ከሽፋኑ ኋላ በጥቁር ሙጫ የተለጠፈ ላስቲክ ታገኛላችሁ። እባካችሁ እንዳትቀዱት። ብዙ ሜካኒክ ቀዶ ይጥለዋል፣ ከዚያ ክረምት ሲመጣ ባለመኪናው ምንጣፌ ለምን ረጠበ እያለ ይጨነቃል። በሩ ውስጥ ውሃ መግባቱ ጤነኛ ነገር ነው፣ በመስታወቱ ጠርዝ ይወርድና ከበሩ ሥር ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል። ላስቲኩ ያንን ውሃ ወደ እኛ እንዳይመጣ የሚከለክል ግድግዳ ነው። የኔ በር ቀዳዳዎች በጭቃ ተደፍነው ነበር። በሽቦ ስወጋቸው ጥቁር ውሃ እግሬ ላይ ፈሰሰ።

የኔ ኮሮላ ማንሻ እንደ መቀስ የሚከፈትና የሚዘጋ ክንድ ያለው ዓይነት ነው። የክንዱ ጫፍ ላይ ያለችው የፕላስቲክ መንኮራኩር ለሁለት ተሰንጥቃለች። ሐዲዷን ስታ ክንዱ ተጣሞ ቆሟል። በዚህች ቁራጭ ፕላስቲክ ነው ይህ ሁሉ የሆነው።

ከመፍታቴ በፊት መስታወቱ ከክንዱ ጋር የሚታሰርባቸውን ብሎኖች ቦታ በማርከር ምልክት አደረግኩ። የብሎኖቹ ቀዳዳ ረዘም ያለ ስለሆነ ወዲህና ወዲያ ይሄዳል፣ ምልክት ከሌለ መስታወቱ ሲመለስ ይንጋደዳል። ከዚያ መስታወቱን ወደ ላይ ገፍቼ እንደገና በፕላስተር አሰርኩት፣ ማንሻውን ከነሞተሩ ፈትቼ በትልቁ ቀዳዳ እያዟዟርኩ አወጣሁት። እዚህ ላይ ጓንት አድርጉ። የበሩ ቆርቆሮ ጠርዝ ቢላ ነው፣ የእጄ አንጓ ላይ ጠባሳው ዛሬም አለ።

ማንሻውን ፍለጋ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። አሮጌውን አልያዝኩም ነበር። ሻጩ «ወንድሜ፣ የግራ ነው» ብሎ የሰጠኝን ይዤ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ተመለስኩ። የቀኝ ሆኖ ተገኘ። የግራና የቀኝ ማንሻ ሲያዩት አንድ ይመስላል፣ ግን እንደ ግራና ቀኝ እጅ ተቃራኒ ናቸው፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። በበነጋው አሮጌውን በፌስታል ይዤ ሄድኩና ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ የብሎን ቀዳዳውንና የጥርሱን ቁጥር አስተያይቼ ገዛሁ። ሻጩም ሳይከራከር ቀየረልኝ። ሞተሩ ጤነኛ ስለነበር ማንሻውን ብቻ ነው የገዛሁት፣ ያ ልጅ ካለኝ ሙሉ ዕቃ በጣም ያነሰ ዋጋ ነው።

አሮጌውን ሞተር ወደ አዲሱ ማንሻ ለማዛወር ስዘጋጅ ጋሼ በአጥሩ በኩል አይተውኝ «ቆይ! ቆይ!» ብለው መጡ። መቀስ መሰሉ ማንሻ ጠንካራ ስፕሪንግ አለው። ስፕሪንጉን አስሮ የያዘው የሞተሩ ጥርስ ነው። ሞተሩን ዝም ብለህ ብትፈታ ክንዱ በአንዴ ይወረወራል፣ ጣትም ይሰብራል። ከአሮጌው ላይ ሞተሩን ሳንፈታ በፊት የማንሻውን ጥርስና ከኋላው ያለውን ጠፍጣፋ ብረት በሚያቋርጥ ቀዳዳ ረጅም ብሎን ሰክተን በዳዶ አሰርነው። አዲሱንም እንዲሁ። እኔ ይህን ፈጽሞ አላውቅም ነበር፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ እሱን ያዙልኝ።

ልገጥመው ስል ጋሼ ጣታቸውን መስታወቱ የሚንሸራተትበት ጎማ ውስጥ አስገብተው አወጡ። ቡናማ ሆኖ ወጣ። እኛ ሰፈር በጋውን ሙሉ አቧራ እንበላለን፣ ጎማውም እንደኛው። አቧራው ከዝናቡ ጋር ተቦክቶ ደርቆ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሆኗል። መስታወቱ በዚያ ውስጥ ሲፋተግ ጭነቱ ሁሉ ትንሿ መንኮራኩር ላይ ነበር። ለወራት ቀስ እያለ ይወጣ እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ። እኔ ሞተሩ አርጅቷል ብዬ ነበር የተውኩት። አዲሱን ማንሻ በዚያው ጎማ ላይ ብገጥመው ኖሮ ዓመትም አይቆይም ነበር።

ጎማውን በጥርስ ብሩሽና በሳሙና ውሃ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ሲደርቅ ሲሊኮን ስፕሬይ ነፋሁበት። ግራሶ ጎማው ላይ አይደረግም፣ የሞተር ዘይትም እንዲሁ። አቧራ ይሰበስባል፣ ጎማውንም ያበላሻል። ግራሶ ለብረቱ ጥርስና ለመንኮራኩሩ ሐዲድ ነው።

አገጣጠሙ ብዙ አላስቸገረም። ብሎኖቹን ሁሉ በእጅ ብቻ አስገብቼ ባትሪውን መለስኩ፣ ስዊቹን ሰካሁ፣ መስታወቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርጌ ራሱ ቦታውን ሲይዝ ነው ያጠበቅኩት። ስትሞክሩ የማንም እጅ በሩ ውስጥ አለመኖሩን እዩ። ሽፋኑን የመለስኩት ሁሉም ነገር መሥራቱን ካየሁ በኋላ ነው። ላስቲኩን በራሱ ሙጫ መልሼ ለጠፍኩት፣ ለተሰበሩት ክሊፖች ከሶማሌ ተራ ምትክ ይዤ ነበር።

አሁን በአንድ ንክኪ ሽው ብሎ ይወጣል። የሌሎቹን ሦስት በሮች ጎማ ባለፈው እሁድ አጠብኩ፣ ሁለቱ ወዲያው ፈጠኑ። የኋላው ቀኝ ግን አሁንም መሀል ላይ ያዝ ያደርገዋል። ዝናቡ ሲያባራ እሱንም እከፍተዋለሁ፣ ጋሼም መጀመሪያ ጥሩኝ ብለዋል።