ለምክር ቤት ሥራ የትኛው ማስተርስ? ከደብረ ብርሃን የሄድኩበት መንገድ

የትምህርት ክፍል ከመምረጤ በፊት የምክር ቤት ጽሕፈት ቤቶች የሚያወጧቸውን የክፍት ሥራ ማስታወቂያዎች ሰብስቤ አነበብኩ። ይህን ቅደም ተከተል ለማንም እመክራለሁ። በመንግሥት ቅጥር ለመደቡ የሚፈለገው የትምህርት ዓይነት በስም ተዘርዝሮ ስለሚወጣ፣ የትምህርት ክፍሉ ስም ካልተጠቀሰ ውጤቱ ምንም ቢያምር ምዝገባ ላይ ይጣላል።

ሕግ ማርቀቅ ለሚፈልግ የመጀመሪያ ዲግሪው ሕግ መሆን አለበት። ከዚያ በሕገ መንግሥትና በአስተዳደር ሕግ ዙሪያ ያለ ማስተርስ ይሻለዋል። ለቋሚ ኮሚቴ ጥናት የሚሠራ በፖለቲካ ሳይንስ፣ በፌዴራሊዝም ወይም በፐብሊክ ፖሊሲ ሊገባ ይችላል። እኔ ፐብሊክ ፖሊሲን መርጬ ጥናቴን በጀት ላይ አደረግኩ፤ የበጀት ሰነድ ገልጦ የሚጠይቅ ባለሙያ በየምክር ቤቱ እጅግ ያስፈልጋል ብዬ ስለማምን ነው።

ለማመልከት አገር አቀፉን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን ኦፊሻል ትራንስክሪፕት (ይፋዊ የውጤት ማስረጃ) ላይ ነው። ከቀድሞው ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ መላክ አለበት፤ የወጪ መጋራት ዕዳ ካልተጠናቀቀ ደግሞ ሬጅስትራር አይልክም። ስለዚህ ክፍያውን ከፈተናው በፊት መጨረስ ነው። ሥራ ላይ ያለ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ የስፖንሰር ደብዳቤ ሲወስድ የሚፈርመውን የአገልግሎት ግዴታ አንብቦ ይፈርም።

ዋናው ነገር የመመረቂያ ጽሑፉ ነው። በአማራ ክልል የሰሜን ሸዋ ዞን የተመረጠ ምክር ቤት የለውም፤ ምክር ቤት ያለው በወረዳ፣ በከተማና በቀበሌ ደረጃ ነው። «የዞኑ ምክር ቤት» ብሎ ርዕስ ያስመዘገበ ተማሪ የሚያጠናው ተቋም የለም ማለት ነው። እንደ ባሶና ወራና ወይም ሞረትና ጅሩ ያለ አንድ ወረዳ መውሰድ ይበቃል። ከዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ ይዞ በቀጥታ ወደ አፈ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት መሄድ ያስፈልጋል። የሚጠየቁት ሰነዶች የጸደቀው በጀት፣ ቃለ ጉባኤዎችና የቋሚ ኮሚቴ የመስክ ሪፖርቶች ናቸው። በቃለ ጉባኤው ውስጥ አባላት የጠየቁትን ጥያቄ ከአስፈጻሚው መልስ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡ። ያው ጥያቄ በሚቀጥለው ጉባኤ ተመልሶ ከመጣ ክትትሉ የት ላይ እንደተቋረጠ ይታያል። የጥናቱ ጉልበት እዚያ ነው።

ጊዜውም ይታሰብበት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚሠራው ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ በመሐል የአንድ ወር ዕረፍት አለው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሰኔ ላይ ባለሙያ ይዞ ቃለ መጠይቅ ማድረግ ከባድ ነው፤ ክረምት ላይ ደግሞ አባላቱ አይገኙም። መረጃ መሰብሰብ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ይሁን።

ክፍል ውስጥ በቂ ልምምድ የማይገኝበት ረቂቅ አዋጅ ማንበብ ነው። መጀመሪያ ረቂቁ ለምን እንደተዘጋጀ የሚያስረዳውን ሐተታ ዘምክንያት፣ ቀጥሎ ትርጓሜ የሚሰጠውን አንቀጽ፣ ከዚያ ወደ መጨረሻው ዘልዬ የተሻሩ ሕጎችን አነባለሁ። ነባሩን አዋጅ ከነጋሪት ጋዜጣ፣ የክልሉ ከሆነ የክልሉ ሕጎች ከሚታተሙበት ከዝክረ ሕግ አውጥቼ አንቀጽ በአንቀጽ አስተያያለሁ። በረቂቁ ሳይነሳ የቀረ ነባር ድንጋጌ የሚገኘው በዚህ መንገድ ብቻ ነው፤ ሐተታው ስለ ተጨመረው እንጂ ስለ ቀረው ብዙም አይናገርም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የመመረቂያ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ምክር ቤቱ ግን የሚሠራው በአማርኛ ነው። ጽሑፌን በፈታኞች ፊት ከተከላከልኩ በኋላ ግኝቱንና የውሳኔ ሐሳቡን በሁለት ገጽ አማርኛ አጠር አድርጌ፣ ሰነድ ለሰጠኝ ጽሕፈት ቤት አስገባሁ፤ ያንኑ ለሥራ ሳመለክትም ከማስረጃዎቼ ጋር አያይዘዋለሁ።