የቻይና መክሰስ አቀማመስ፦ ላቲያዎን ለመጨረሻ አቆዩት

የቻይና ከረሜላ፣ መክሰስና መጠጥ አንድ ላይ አቅርቦ ነጥብ ለመስጠት ከሁሉም በላይ የሚወስነው ቅደም ተከተሉ ነው። ብዙ ሰው ዓይኑን የሳበውን ላቲያዎ፣ ማለትም ከስንዴ ዱቄት የሚሠራውን ቅመም የበዛበት መክሰስ፣ ቀድሞ ይከፍትና ከዚያ በኋላ የቀመሰውን ሁሉ «ጣዕም የለውም» ይላል። ጥፋቱ የቃሪያው አይደለም፤ በሚጥሚጣ ያደገ ምላስ ይችለዋል። ያልለመድነው ኋጂያዎ የሚባለውን የሲቹዋን ቅመም ነው። እሱ ያደነዝዛል፤ ከንፈርና የምላስ ጫፍ ይነዝራል፣ ምራቅ ይበዛል፣ በላዩ የሚጠጣ ውሃ እንኳ ጣዕሙ ይቀየራል። ውሃ ስለማያስለቅቀው ቢያንስ ሩብ ሰዓት መጠበቅ ነው። ስለዚህ «ማላ» (የሚያደነዝዝና የሚያቃጥል) የተባለ ሁሉ መጨረሻ ላይ ይሁን።

መጀመሪያ ስኳር የሌለው ሻይ፣ ቀጥሎ የወተት ከረሜላ፣ ከዚያ ኮምጣጣ ፍራፍሬ፣ ከዚያ ጣፋጭ መጠጥ፣ በመጨረሻ ቅመም ያለው። በአንድ ጊዜ ከ6 ዓይነት በላይ አታቅርቡ። መጠጡ ግማሽ የቡና ሲኒ ይበቃል፤ በየመሀሉ ውሃና ቁራሽ ዳቦ። ነጥቡን ከ10 ስሰጥ ለጣዕም 4፣ ጥርስ ላይ ላለው ስሜት 3፣ አፍ ውስጥ ለሚቀረው 2፣ ለሽታ 1 እመድባለሁ። ለጥርስ 3 የበዛ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የቻይና መክሰስ ሲሠራ ሙጫነቱም ሆነ ቀጭ ማለቱ እንደ ጣዕሙ ይታሰብበታል።

ከመክፈታችሁ በፊት ቀኑን እዩ። ብዙውን ጊዜ የሚታተመው የተመረተበት ቀን ነው፤ ዓመቱ ይቀድማል፣ ወርና ቀን ይከተላሉ። የሚቆይበት ጊዜ በሌላ ቦታ በወር ይጻፋል። ይህን ሳያውቁ ደህናውን ዕቃ «ጊዜው አልፏል» ብለው የሚጥሉ አሉ። ጉልበቱ የሚጻፈው በኪሎጁል ስለሆነ ካሎሪ ለማግኘት ለ4.2 አካፍሉ። ሶዲየሙን በ2.5 ስታባዙ የጨው መጠን ይወጣል።

ዶንግፋንግ ሹዬ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ስኳር አልባ የጠርሙስ ሻይ ነው። የጃስሚኑን ከፍሪጅ አውጥታችሁ ወዲያው አትቅመሱት፤ ቅዝቃዜው የአበባውን ሽታ ያፍነዋል። ሩብ ሰዓት ይቀመጥ። ስኳር ለለመደ ሰው መጀመሪያ ባዶ ይመስላል፣ በሁለተኛው ጉንጭ ግን ጉሮሮ ላይ የሚመለሰው ጣፋጭነት ይታወቃል። 9 ይገባዋል።

ነጭ ጥንቸል የሚባለው የሻንጋይ ወተት ከረሜላ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ በዚህ ስም ይሸጣል። ውጫዊውን ወረቀት ስትፈቱ ውስጡ ሌላ ስስ፣ የሚያሳይ ሽፋን አለ። እሱን ለመላጥ አትታገሉ፤ ከስታርች የተሠራ ስለሆነ የሚበላ ነው። ምላስ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ይለጠፋል፣ ትንሽ ቆይቶ ሟሙቶ ይጠፋል፣ ከሥሩ የወተቱ ጣዕም ይወጣል። ስሕተቱ ወዲያው መንከስ ነው፤ በብርድ የደረቀ ከሆነ የጥርስ ሙሌት ይነቅላል። አንድ ደቂቃ ያህል አፍ ውስጥ ይሙቅ። 8.5።

ሻንዣ ከፖም ጋር የሚዛመድ ቀይ፣ ኮምጣጣ ፍሬ ነው። ተፈጭቶ ከስኳር ጋር በሳንቲም ስፋት ይደርቅና ተደርድሮ በወረቀት ይጠቀለላል። አንዱ ስስ ስለሆነ ኮምጣጣነቱ ሳይታወቅ ያልቃል፤ ሦስቱን አነባብራችሁ ብሉ። የቀረ ካለ በጥብቅ ክደኑት፣ እርጥበት ሲያገኝ እርስ በርሱ ይጣበቃል። 7።

ዋንግ ላዎ ጂ መነሻው እ.ኤ.አ. 1828 ጓንግዡ ነው ተብሎ የሚሸጥ የዕፅዋት ሻይ ነው። ጓንግዡ ባለችበት በጓንግዶንግ ግዛት መንገድ ዳር የሚቀዳው ጥቁርና መራራ የዕፅዋት ሻይ ሌላ ነው፤ የጣሳው ጣፋጭ ስለሆነ ምሬት የጠበቀ ያዝናል። በደንብ ቀዝቅዞ ይቅረብ፣ ሲሞቅ ስኳሩ ይከብዳል። ጣሳው 310 ሚሊ ሊትር ከሆነ በ100 ሚሊ ሊትር የተጻፈውን ስኳር በ3.1 ማባዛት አትርሱ። 6።

አሁን ላቲያዎ። የተፈጠረው በሁናን ግዛት ፒንግጂያንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ አኩሪ አተር ሲወደድ የአካባቢው ሠሪዎች ከአኩሪ አተር በሚሠራው ቶፉ ፋንታ የስንዴ ዱቄት መጠቀም ጀመሩ። ዘይቱና ቅመሙ ከረጢቱ ሥር ስለሚዘቅጥ ሳትከፍቱ በጣት እሹት፤ ያለዚያ የላዩ ገለባ፣ የታቹ እሳት ይሆናል። ጥሩው ሲሳብ ተለጥጦ ይበጠሳል፤ የሚፈረፈር ከሆነ አርጅቷል። 8፣ ጨዋማነቱ ግን ከአንድ ትንሽ ከረጢት በላይ አያስኬድም።

ለጿሚ፦ ነጭ ጥንቸል ወተትና ቅቤ፣ በዚያ ላይ ከእንስሳ የሚገኝ ጄላቲን አለው፤ የፍስክ ነው። ሻንዣው ብዙውን ጊዜ ፍሬና ስኳር ብቻ ነው። ላቲያዎ ዱቄት፣ ዘይትና ቅመም ቢሆንም የሥጋ ማጣፈጫ የገባበት ስላለ ዝርዝሩ ይነበብ። በመኸር በዓል የሚበላው የጨረቃ ኬክ በባህላዊው አሠራር የአሳማ ስብ ሊኖረው ይችላል፣ ብዙ ጊዜም የዳክዬ እንቁላል አስኳል ይገባበታል፤ የአሳማ ስቡ ሙስሊሙንም ይመለከታል። ጽሑፉን በስልክ ካሜራ ስታስተረጉሙ ከረጢቱን ወጥራችሁ ያለ ፍላሽ ከጎን አንሱት፤ የላስቲኩ ነጸብራቅ ፊደል ካጠፋ ትርጉሙ ይዛባል።