ከሆኖሉሉ እስከ ዮኮሃማ፦ ከመርከብ ወርዶ በሰዓቱ ለመመለስ

ወንድም ጋሼ ከሚኖርበት ከአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ተነስቶ በሃዋይ ደሴቶች በኩል ጃፓን ላይ በሚያበቃ የሽርሽር መርከብ፣ ከእርሱና ከእናታችን ጋር ከተጓዝኩ ወዲህ፣ እዚህ ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ልጆቻቸው ውጭ አገር ያሉ ወላጆች እየደወሉ ምክር ይጠይቁኛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ መርከቡ ምግብ፣ ስለ መኝታውና ስለ ማዕበሉ ነው። እኔ ግን ወሬውን ቶሎ ወደ ወደቦቹ እመልሰዋለሁ፤ ምክንያቱም መርከቡ ውስጥ እስካለን ድረስ የሚያስቡልን ሠራተኞች አሉ፤ መሰላሉን ወርደን መሬት ከረገጥን በኋላ ግን መንገዱም ሰዓቱም የራሳችን ኃላፊነት ይሆናል።

ማንኛውም የወደብ ዕቅድ መጀመር ያለበት ከመመለሻው ሰዓት ነው። ከመናኸሪያ የሚነሳ መኪና ወንበሩ እስኪሞላ ይጠብቃል፤ መርከብ ግን በተባለው ሰዓት ይሄዳል። በየዕለቱ ፕሮግራም ላይ የሚጻፈው የመሳፈሪያ ማብቂያ ሰዓት መርከቡ ከሚነሳበት ሰዓት ስለሚቀድም፣ ወደ ኋላ መቁጠር ያለብን ከማብቂያው ነው። በመርከቡ በኩል በተገዛ ጉብኝት የሄደ ቡድን ቢዘገይ መርከቡ ብዙውን ጊዜ ይጠብቀዋል፤ በራሱ የወጣ መንገደኛ ከቀረ ግን በራሱ ወጪ ወደሚቀጥለው ወደብ መድረስ ይኖርበታል። በእኛ መስመር ከመጨረሻው የሃዋይ ወደብ ቀጥሎ ያለው ወደብ ጃፓን ነበር፤ በመካከሉ ያለው ውቅያኖስ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ በየወደቡ አንድ ሰዓት ተኩል ለመጠባበቂያ እንተው ነበር፤ መጀመሪያ ሩቁን ቦታ አይተን፣ የቀረውን ጊዜ መርከቡ በሚታይበት አካባቢ እናሳልፋለን።

የሰዓት አቆጣጠራችንም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ወረቀቱ ላይ 4:30 ወይም 16:30 የሚለው በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ነው። ይህን ለአረጋውያን ወላጆች በየዕለቱ ጠዋት በቃል መንገር ብቻ አይበቃም፤ በአማርኛ ጽፎ ኪሳቸው ውስጥ መክተት ያስፈልጋል። እናቴ የእጅ ሰዓቷን በአገራችን አቆጣጠር፣ ያውም በባሕር ዳር ሰዓት እንደሞላች ነበር የሄደችው፤ ሃዋይ ከኢትዮጵያ 13 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር ሰዓቷ እዚያ ምንም አልጠቀማትም፤ ሆኖም አስተካክይው ብንላት እሺ አላለችም።

በሃዋይ ለእግረኛ የሚመቸው ወደብ ሆኖሉሉ ነው። መርከቦች የሚቆሙት በ1926 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከተሠራው የአሎሃ ግንብ አጠገብ ሲሆን፣ ከዚያ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ቢኬድ በ1882 የተጠናቀቀው የኢዮላኒ ቤተ መንግሥት ይገኛል። ንግሥት ሊሊዑኦካላኒ በ1893 ከዙፋን እስከወረደችበት ጊዜ ድረስ የሃዋይ ነገሥታት መቀመጫ ነበር፤ የነገሥታት ታሪክ ለሚወድ ለእኛ አገር ሰው ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ይህ ቢቀድም እመርጣለሁ። ታዋቂው የዋይኪኪ ባሕር ዳርቻ ከወደቡ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ የከተማው አውቶቡስ ይበቃል፤ ነገር ግን ጭን ላይ ወይም ከወንበር ሥር የማይገባ ሻንጣ ይዞ አውቶቡስ ላይ መውጣት አይፈቀድም። በ2023 ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር ደግሞ ወደቡ ያለበት የከተማው መሃል ድረስ ስላልተዘረጋ ለመርከብ መንገደኛ አይጠቅምም።

ከሆኖሉሉ አጠገብ ወዳለው የጦር ወደብ፣ ወደ ፐርል ሃርበር መሄድ የሚፈልግ ሰው ቲኬቱን ከጉዞው በፊት በኢንተርኔት መያዝ አለበት። ታኅሣሥ 7 ቀን 1941 በጃፓን ጥቃት በሰመጠችው በአሪዞና የጦር መርከብ ላይ 1,177 ሰዎች ሞተዋል፤ መታሰቢያው በቅሪቷ ላይ ስለተሠራ የሚደረሰው በጀልባ ነው። መግቢያው ነጻ ቢሆንም ለቦታ መያዣ አንድ ዶላር ይከፈላል። ቦርሳ ይዞ መግባት ስለማይቻል በር ላይ በክፍያ ማስቀመጥ ግድ ይሆናል፤ እናቴ ነጠላዋንና መድኃኒቷን የያዘችበትን ቦርሳ ስትከለከል በጣም ከፍቷት ነበር፤ ቀድመን አውቀን መድኃኒቱን በኪሳችን ብንይዝላት ኖሮ ያ ሁሉ አይሆንም ነበር።

ከሁሉ የተጨነቅሁት ሂሎ በሚባለው የሃዋይ ወደብ ላይ ነው። የኪላዌያ እሳተ ገሞራ የሚገኝበት ብሔራዊ ፓርክ ከሂሎ 48 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ በወደቡ በር ያገኘነው ባለ መኪና አድርሶን ከሁለት ሰዓት በኋላ ሊመልሰን ተስማምተን፣ የደርሶ መልሱን ሒሳብ በሙሉ ከፈልነው። በተባለው ሰዓት አልመጣም። ስልካችን በዚያ ቦታ በቅጡ አይሠራም ነበር፤ ሌሎች መንገደኞች በተከራዩት መኪና ላይ ባያሳፍሩን ኖሮ መርከቡ ይቀድመን ነበር። ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው፣ ለሂሎ የመርከቡን ጉብኝት መግዛት ወይም መኪና ከወራት በፊት መከራየት፣ ይህ ካልተቻለም ባለ መኪናው እዚያው እንዲጠብቅ ተስማምቶ ግማሹን ሒሳብ ሲመለሱ መክፈል ነው። ልብስም መርሳት አይገባም፤ ወደቡ ላይ የቆላ ሙቀት እያለ፣ እሳተ ገሞራው 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነ ብርድና ካፊያ አለበት።

ኮና በሚባለው ሌላው የሃዋይ ወደብ ላይ ትልቁ መርከብ ዳር አይደርስም፤ ባሕሩ ላይ መልሕቅ ጥሎ መንገደኛው በትናንሽ ጀልባዎች ይመላለሳል። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የተሻገረ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ነገር ግን ማዕበል ካለ ከመርከቡ ወደ ጀልባው የሚረገጠው እርምጃ ጉልበት ለሚያማቸው ሰዎች አስቸጋሪ ነው፤ ማዕበሉ ከበረታም መርከቡ ወደቡን ትቶ ሊያልፍ ስለሚችል የማይመለስ ገንዘብ አስቀድሞ መክፈል አይገባም። በመመለሻም ጀልባው ሰልፍ ስላለው የመጨረሻውን መጠበቅ ጥሩ አይደለም። ከማረፊያው ጥቂት እርምጃ ርቆ በ1838 የተሠራው የሁሊሄዔ ቤተ መንግሥትና ትይዩው ያለው የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አሉ። ቡናም የሚገዛው እዚህ ነው፤ በኮና ተዳፋት ላይ ቡና መተከል የጀመረው በ1828 ነው። የማዊ ደሴቱ ካሁሉይ እና የካዋይ ደሴቱ ናዊሊዊሊ ወደቦች ብዙ አያነጋግሩም፤ በሁለቱም ከወደቡ ርቆ ለመሄድ መኪና ያስፈልጋል፤ መኪና የሌለው በናዊሊዊሊ በእግር የሚደረስበት የካላፓኪ ባሕር ዳርቻ ይበቃዋል።

ከሃዋይ ወደ ጃፓን ስንጓዝ የቀን መለወጫውን መስመር ስለተሻገርን አንድ ቀን ተዘለለ፤ ማክሰኞ ማታ ተኝተን ሐሙስ ጠዋት ነቃን። እናቴ ረቡዕ ጠፋ ብላ ጾሙን አልተወችም፤ ሐሙሱን ጾመች። በዚህ ምክንያት የመድኃኒት፣ የሆቴልና የአውሮፕላን ቀን ሲቆጠር ይህን የተዘለለ ቀን ማሰብ ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ ሰው የጃፓን ቪዛውን ከመነሳቱ በፊት ማውጣት አለበት። መርከቡ በጃፓን ወደቦች መካከል ደቡብ ኮሪያ ላይ፣ ለምሳሌ ቡሳን የሚቆም ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ የጃፓን ቪዛ ላይበቃ ይችላል፤ የመርከቡን መስመር በዝርዝር ይዞ ኤምባሲውን መጠየቅ ይገባል። በመጀመሪያው የጃፓን ወደብ አሻራና ፎቶግራፍ ይወሰዳል፤ መርከቡ ሙሉ ከሆነ ሰልፉ የጠዋቱን ሰዓት ስለሚበላ ለዚያ ቀን ጥብቅ ቀጠሮ መያዝ አይመከርም። የውጭ አገር ጎብኚ ፓስፖርቱን ይዞ መንቀሳቀስ በሕግ ግዴታው ነው። ሥጋ ነክ ምግብ ወደ አገሩ ማስገባት የተከለከለ ስለሆነ ለስንቅ የተያዘ ቋንጣ መሬት ላይ ይዞ መውረድ አይቻልም።

ዮኮሃማ ሲባል የትኛው መቆሚያ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ኦሳንባሺ ከሆነ የያማሺታ መናፈሻ፣ የቻይናውያን ሰፈርና የኒሆን ኦዶሪ የባቡር ጣቢያ በእግር ይደረሳሉ። በዮኮሃማ ቤይ ድልድይ ሥር ማለፍ የማይችሉ ግዙፍ መርከቦች የሚቆሙበት ዳይኮኩ ከሆነ ግን በእግር መውጣት ስለማይቻል የማመላለሻ አውቶቡስ መጠበቅ ግድ ነው። ወደ ቶኪዮ ከዮኮሃማ ጣቢያ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ኮቤ ላይ የከተማው ባቡር ጣቢያ ከመርከቡ ማረፊያ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ለአረጋውያን እንደ እርሱ የተመቸ አላየሁም።

ለትራንስፖርት ሱይካ፣ ፓስሞ ወይም ኢኮካ ከሚባሉት ካርዶች አንዱ ይበቃል፤ አንዱ ከተማ የተገዛው በሌሎቹ ትልልቅ ከተሞችም ይሠራል፤ የሚሞላው በጥሬ ገንዘብ ስለሆነ የን መያዝ ያስፈልጋል። የውጭ ባንክ ካርድ ሰቨን ኢሌቨን በሚባሉት ሱቆች ውስጥ ባሉት ኤቲኤሞች ይሠራል። ጉርሻ አይሰጥም፤ ሃዋይ ላይ ግን መስጠት የተለመደ ነው። ጾመኞች ደግሞ ይህን ይወቁ፦ አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ በተዘጋጀ መረቅ የተሠራ ነው።

እናቴ እስካሁን የምታነሳው ናጋሳኪን ነው። መርከቡ ከሚቆምበት ከማትሱጋዔ በእግር ጥቂት እንደተጓዝን የኦኡራ ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ክርስትና ለ250 ዓመታት ያህል በተከለከለበት ዘመን ሃይማኖታቸውን ሰውረው ያቆዩ ሰዎች በ1865 ለካህኑ ማንነታቸውን የገለጡት በዚያ ነው። ይህን ስተረጉምላት «ይህን ያህል ዘመን ያለ ቄስ?» ብላ ደጃፉን ሳመች። ቀጥለን በከተማው ባቡር፣ ሺንቺ ላይ ቀይረን፣ ነሐሴ 9 ቀን 1945 የአቶሚክ ቦምብ ወደወደቀበት ሰፈር፣ ወደ ሰላም መናፈሻው ሄድን፤ ሒሳቡ የሚከፈለው ሲወረድ በሾፌሩ በኩል ነው።

ወደ አገራችን የተመለስነው ከዮኮሃማ ነው። ከዮኮሃማ ጣቢያ ናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ቀጥታ ባቡር አለ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ወንበሩ ሁሉ በቁጥር ስለሆነ ቲኬቱ አስቀድሞ ይያዛል፤ ከናሪታም የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሶል በኩል ያመጣል። ጃፓን ከኢትዮጵያ 6 ሰዓት ትቀድማለች፤ የእኛ የሰዓት አቆጣጠርም ከሌላው ዓለም የሚለየው በዚያው በ6 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ባሕር ዳር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ዮኮሃማ ከጠዋቱ 8:00 ይላል። የባቡሩን መነሻ ስንጠብቅ እናቴ የጣቢያውን ሰዓትና የእጅ ሰዓቷን እያስተያየች፣ ስንት ደቂቃ እንደቀረን የምትነግረን እርሷ ነበረች።